የብራከንሮይድ ጸሎት ቤት ታሪክ፣ ገጽ አሥራ ሰባት

“ይኼኛው ነው” አሉ አሮጊቷ፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶግራፎች ወደ አንዱ እያመለከቱ። “በሁለት እጁ ነበር የጨበጠኝ። በሳምንቱ ደብዳቤ ላከልን፤ ሁለተኛ እንዳትመጡ የሚል።”

አጠገባቸው የቆመችው የልጅ ልጃቸው ወደ ፎቶው ጠጋ ብላ አየችና፣ “ፊቱ ግን ደግ ይመስላል” አለች።

“ደግስ ደግ ነበር። የከፋውም እሱ ነው።”

ዶሪን አክሮይድ ይህን የሰማችው በአዳራሹ ወጥ ቤት መስኮት ውስጥ ቆማ ሻይ ስትቀዳ ነው። የያዘችውን ስኒ ሞልታ ጨረሰች። ከዚያ የተደረደሩትን ስኒዎች እጀታ አንድ በአንድ ወደ ቀኝ አዞረች፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ከዞሩ በኋላ መልሳ ወደ ግራ አዞረቻቸው። ጊዜው የጥቅምት ቅዳሜ ጧት፣ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ቀን ነበር። ሹራብ ሃምሳ ፔንስ፣ የልጅ ጫማ ሠላሳ፣ የወንድ ሙሉ ልብስ ሁለት ፓውንድ፣ ሻይ ከብስኩት ጋር ሃያ ፔንስ። አዳራሹ ከርሞ የወጣ ልብስና ዝናብ የመታው ካፖርት ይሸታል። ሴቶቹ የተከመረውን ልብስ እያገላበጡ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ አውቶቡሱ መዘግየት ያወራሉ። አሮጊቷ ብቻ ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተው ጸሎት ቤቱን ያገለገሉትን ቀሳውስት ፎቶግራፍ ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ ያያሉ። ግራጫ ባርኔጣና ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ፣ ሰባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ጥቁር ሴት ናቸው። ዶሪን ፊታቸውን አላወቀችውም። ያወቀችው ነገሩን ነው። የዛሬ አርባ ዓመት በዚያ ጸሎት ቤት በር ላይ ያንን ደብዳቤ በእጃቸው ያስያዘቻቸው እሷ ነበረች።

በማግስቱ እሑድ ጸሎት ቤቱ ዘጠና አምስተኛ ዓመቱን ያከብራል። መቶ እስኪሞላው ያልተጠበቀው መቶውን እንደማያይ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። የቀሩት ሠላሳ አራት አባላት ናቸው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቦታ ገዝቶ መኖሪያ ቤት የሠራው ሰውም በዚህኛው ላይ ዐይኑን ጥሏል ይባላል። ለበዓሉ ዶሪን የጸሎት ቤቱን ታሪክ ጽፋ ነበር። ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ሃያ ስምንት ገጽ ነው፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፤ ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ መድረኩ ሥር በካርቶን ተቀምጧል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1904 ሩባርብ የሚባለውን ጎምዛዛ አትክልት የሚያመርቱ ገበሬዎችና የፋብሪካ ጸሐፊዎች ተባብረው፣ ከሊድስ ከተማ ዳር በእርሻው መሐል የቆርቆሮ ጸሎት ቤት ካቆሙበት ቀን ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ስለሚጮህ የመጀመሪያው አገልጋይ ቄስ ቶርዶፍ ስብከታቸውን አቋርጠው እስኪያባራ ድረስ ሕዝቡን ያዘምሩ ነበር፤ አንድ እሑድ አሥራ አንድ መዝሙር ተዘምሮ፣ ስብከቱ ሳያልቅ ሰው ወደ ምሳው ሄደ። የከተማው ባቡር፣ ትራሙ፣ እስከዚያ ሲዘረጋ ቤቱም ሰዉም በዛና በ1912 አሁን ያለው የድንጋይ ሕንጻ ተሠራ። ቄስ ሄብልትዌይት ከመዘምራኑ ጋር በኦርጋን ጉዳይ ተጣልተው ኦርጋኑ ዓመት ሙሉ በአንሶላ ተሸፍኖ ከረመ። ቄስ ሰግደን በጦርነቱ ጊዜ በጸሎት ቤቱ ሣር ላይ ጎመን ተክለው፣ ለቀብር የመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጎመን ታቅፎ ይመለስ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሰዎች ሜቶዲስት የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ሜቶዲስቶች አገልጋይ አንድ ቦታ ብዙ አያቆዩም፤ አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ስድስት፣ ከዚያ ሌላው ይመጣል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ዶሪን ለያንዳንዳቸው አንድ የምስጋና ዐረፍተ ነገር አበጅታላቸዋለች። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አዳራሹን ላሠሩት ለቄስ ፒከርስጊል የደረሳቸው፣ “በእሳቸው ዘመን የጸሎት ቤታችን በር ለማንም ክፍት ነበር” ይላል። ይህን ስትጽፍ ያንን ደብዳቤ ረስታ አልነበረም። አንድ ያማረ ዐረፍተ ነገር ፈለገች፣ ይኼ መጣላት፣ ጻፈችው። አሁን ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ይኸው ነው፤ ሳትቸገር መጻፏ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ቀን ቀን በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ቢሮ ታይፕ ትመታለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ የቄስ ፒከርስጊልን ደብዳቤዎች ትጽፍላቸዋለች። በ1959 መስከረም ላይ ኤግበርትና አይሲልዳ ብራምዌል የሚባሉ ባልና ሚስት ከጃማይካ የመሸኛ ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ አገራቸው ሳሉ ሜቶዲስት ሆነው ያደጉ፣ በሜቶዲስት ጸሎት ቤት የተጋቡ ሰዎች ናቸው። ቦታ የሚያሳያቸው ሰው አላገኙምና በቀኝ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ የአክሮይድ ቤተሰብ ከቆርቆሮው ዘመን ጀምሮ የሚቀመጥበት ነው። የዚያን ቀን ዶሪን፣ አባቷና ወንድሟ ክሊፎርድ ከኋላ ተቀመጡ። ቄሱ በመውጫው በር ላይ ሁለቱንም በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሸኛውን ተቀበሏቸው። ሐሙስ ዕለት ግን ለዶሪን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ ደብዳቤ አስጻፏት። ቃሉ ሁሉ ለስላሳ ነበር። ከተማ መሐል ባለው ጸሎት ቤት የአገራቸው ሰዎች ስላሉ እዚያ ይበልጥ ደስ እንደሚላቸው፣ ይህም ለነሱው ሲባል የታሰበ መሆኑን፣ በጸሎት እንደማይረሷቸው ይናገራል። በፖስታ ቤት ቢላክ ፍቅር የሌለበት ይመስላል ብለው እሑድ በር ላይ እንድትሰጥላቸው ለመኗት። ሰጠች። ሴትዮዋ ፖስታውን ተቀብለው፣ “ምን እንደሚል ታውቂያለሽ እህቴ?” ሲሏት፣ “አላውቅም” አለች። በተከታዩ እሑድ አክሮይዶች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አባቷ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ዶሪንም ዝምታውን አይታ ወደ ቄሱ ሄዶ ያማረረው እሱ መሆን አለበት ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የብራምዌሎች ስም ተነሥቶ አያውቅም።

“ሁለት ሻይ” የሚል ድምፅ ሰምታ ቀና ስትል ወይዘሮ ብራምዌል መስኮቱ ፊት ቆመዋል። ዶሪን ቀዳችላቸው። ስንት ስኳር እንደሚያደርጉ ጠየቀች፤ አንድ አሉ። አርባውን ፔንስ ሲዘረጉላት፣ ግድ የለም፣ ይተዉት አለቻቸው።

“ለሁሉም ነው ወይስ ለኔ ብቻ?” አሉ ወይዘሮዋ።

ዶሪን ዐይኗን ወደ ስኳሩ ዕቃ መለሰች።

“እንግዲያው እንደ ሰው እከፍላለሁ” ብለው ሳንቲሙን ሳህኑ ላይ አኖሩና ስኒዎቹን ለልጅቷ አቀበሏት። ፈገግ ብለው ነበር፤ ቂም የለበትም። ዶሪን ግን ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ፍም መሰለች። ሻይ መቅዳቱን አብራት ለምትሠራው ሴት ትታላት ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ቆማ የታጠበ ሳህን ደግማ አጠበች። ስትመለስ ወይዘሮ ብራምዌል በሩ አጠገብ የቤት ዕቃ ከሚሸጠው ከክሊፎርድ ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ በስምንት ፓውንድ ገዝተው፣ በአውቶቡስ የሚወሰድ ስላልሆነ ክሊፎርድ በአሥር ሰዓት በመኪናው ሊያደርስላቸው ተስማምቷል። ስማቸውንና አድራሻቸውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ሲጽፍ ዶሪን ከሩቅ አየችው። ጽፎ ሲያበቃ ካርቶኑን ትንሽ አተኩሮ አየው፤ ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሽያጩ ሲያልቅ ዶሪን የአሁኗን አገልጋይ ቄስ አሊሰንን ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል አገኘቻት። አሊሰን አርባ ያልሞላት፣ አራት ጸሎት ቤት በአንድ ጊዜ የምታገለግል፣ ምሳዋን ብዙውን ጊዜ መኪናዋ ውስጥ የምትበላ ሴት ናት። ወንበር እየቆጠረች ነበር። ዶሪን ሁሉንም ነገረቻት፤ ደብዳቤውን፣ በር ላይ ያለችውን፣ ገጽ አሥራ ሰባትን። አሊሰን ዐይኗ እንባ አቀረረ። የዶሪንን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ይህን መናገር ትልቅ ድፍረት እንደሚጠይቅ፣ ስለነገረቻትም እንደምታመሰግናት ተናገረች። ግን ነገ ባይሆን ይሻላል አለች። ነገ የአውራጃው ሜቶዲስቶች ሊቀ መንበር ይመጣሉ፣ የቀድሞ አገልጋዮች ይመጣሉ፣ ሽማግሌዎቹም ለዚህ ቀን ዓመት ሙሉ ደክመዋል። ከገና በኋላ ረጋ ብለው፣ ራሱን የቻለ የንስሐ ጉባኤ አዘጋጅተው ወይዘሮዋን በክብር ቢጠሯቸው መልካም ነው።

“እሳቸውም ቢሆኑ እንደዚያ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል” አለች አሊሰን።

ዶሪን እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ያቺን ቃል በራሷ ጣት ታይፕ መትታታለች። አሊሰን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደክሟታል፤ ከገና በኋላ ያለችውም የምሯን ነው። ቄስ ፒከርስጊልም በጸሎት አንረሳችሁም ሲሉ የምራቸውን ሊሆን ይችላል። እሺ ብላት ወጣች። እሺ ማለቷ ደግሞ እስከ ቤቷ ድረስ አሳፈራት።

የሚኖሩት በወላጆቻቸው ቤት ነው። ዶሪን አላገባችም፤ ክሊፎርድ ሚስቱ ስትሞትበት ወደዚያው ተመለሰ፤ እነሆ አሥር ዓመታቸው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ አባታቸው ለሃያ ዓመት የነበረበት ቦታ። ምሳ የአተር ሾርባና የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦ ነበር። ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ወንበሩን ሲስብ ሌላው ይነሣል። ክሊፎርድ ሰናፍጩን የዳቦው ጠርዝ ድረስ እያዳረሰ ይቀባል፤ አባታቸውም እንዲሁ ነበር የሚቀባው። ዶሪን ሾርባዋን ሳትነካ፣ ኮመዲኖውን የገዙት ሴትዮ ማን እንደሆኑ አውቆ እንደሆነ ጠየቀችው።

“ስማቸውን ስጽፍ አወቅሁ” አለ።

ጎረቤት የሣር ማጨጃውን አስነሥቶ አጠፋው። ዶሪን፣ መጽሐፉ ላይ የጻፈችው ውሸት መሆኑን፣ ሳይታረም ነገ ለሰው መሰጠት እንደሌለበት ተናገረች። ክሊፎርድ አኝኮ ሲጨርስ ረጋ ብሎ መለሰላት። ቄሱ ሞተዋል፣ አባባ ሞቷል፣ ያን ጊዜ የነበረው ሰው ሁሉ አልቋል፤ ሙት ወቃሽ መሆን ለማን ይጠቅማል? የተዳፈነ እሳት ቆስቁሶ የሚሞቅ የለም፤ የሚቃጠል እንጂ። ደግሞስ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር፤ ቤት ለማከራየት እንኳ መስኮት ላይ ‘ጥቁር አንቀበልም’ ተብሎ ይለጠፍ እንደነበር አታስታውስም?

“ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ” አለች ዶሪን። “እየሰጠኋቸው ምን እንደሚል ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኳቸው።”

ክሊፎርድ ይህን አያውቅም ነበር። ቢላውን ሳህኑ ላይ አጋደመው።

“እንደዚያ ከሆነማ ዝምታው ላንቺም ይሻልሻል” አለ።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ኮመዲኖውን ጭኖ ሊሄድ ሲነሣ ካፖርቷን ለብሳ መኪናው አጠገብ አገኛት። አትምጪ አላላትም፤ ነይም አላላትም። የጎኑን በር ከፈተላት። መንገዱ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከተማውን አቋርጦ ማዶ። መሳቢያዎቹ በየማዞሪያው ይንኳኳሉ። ዶሪን አረንጓዴዋን መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛታለች። መንገድ ላይ የምትለውን ስትደረድርና ስትሰርዝ ቆየች፤ በየትኛውም አኳኋን ብትጀምረው መጨረሻው ይቅርታ ልመና ይሆንባታል፤ ይቅርታ ደግሞ ከስጦታ ሁሉ ውድ ነው፤ ስምንት ፓውንድ ዕቃ አስታኮ የሚጠየቅ አይደለም።

ቤቱ ከግራና ቀኝ ካሉት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ፣ በረንዳው በደንብ የተፈተገ የቀይ ጡብ ቤት ነው። ሼሪስ፣ የልጅ ልጃቸው፣ በር ከፈተች። እሷና ክሊፎርድ ኮመዲኖውን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ሁለቱ ሴቶች ሳሎን ቀሩ። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው። የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ስኒዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ወንበር ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል አለ፤ ግድግዳው በልጆች የምረቃ ፎቶ ተሞልቷል። ከሁሉ በላይ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ መለዮ የለበሰ፣ የማይስቅ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። ወይዘሮ ብራምዌል ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ ጠጉራቸው ነጭ ነው። ዝንጅብል ያለበት ኬክ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ቢላ አነሡ።

“ቁጭ በይ እንጂ እህቴ። የቅድሟ የሻይዋ ሴትዮ አይደለሽም? ሰው በነፃ የምታጠጪ” አሉና ሳቁ።

ዶሪን አልተቀመጠችም። ጧት ለልጅቷ ሲነግሯት መስማቷን፣ ደብዳቤውን በር ላይ ያመጣችላቸው ልጅ እሷ መሆኗን ተናገረች።

ወይዘሮ ብራምዌል ቢላውን እንደያዙ አተኩረው አዩዋት። “ያቺ ጓንት ያደረገችው?”

“አዎ።”

“እስቲ ጉድ” አሉ፣ በዝግታ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። “ታዲያ ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው? አንቺ ምን አደረግሽ። ልጅ ነበርሽ፤ ላኩሽ። ምን እንደያዝሽ እንኳ አታውቂም።”

እዚህ ላይ ዶሪን መሄድ ትችል ነበር። አመሰግናለሁ ብላ፣ ኬኩን በልታ፣ ቀለል ብሏት ልትመለስ ትችል ነበር። ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት፤ ማሰቧንም በኋላ አልረሳችውም።

“አውቅ ነበር” አለች። “በታይፕ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት።”

ከላይ ኮመዲኖው ወለሉን ሲፍቅ፣ ሼሪስም ‘ወደ ግድግዳው ጠጋ ያድርጉት’ ስትል ይሰማል። ወይዘሮ ብራምዌል ቢላውን አስቀመጡ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። የባላቸውን ፎቶ ቀና ብለው አዩና ዐይናቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

“አርባ ዓመት ይህን ታሪክ ሳወራ ኖሬያለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ለልጆቼ፣ ለልጅ ልጆቼ። ኤግበርት ‘እዚያ ቤት አንድም ሰው አልነበረም’ ሲል እኔ እምቢ እለው ነበር። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ምን እንደያዘች ያላወቀች፤ እሷን አትቁጠርብኝ እለዋለሁ። በሷ ስንቴ ተጣልተናል። ‘አንቺ ሞኝ ነሽ አይሲ’ ይለኝ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲያ ጸሎት ቤት የገባው በሬሳ ሣጥን ነው። እኔ ግን በዚያች ልጅ ምክንያት ተመልሼ ገባሁ። አንድ ካለ ሌላም ይኖራል ብዬ።” ትንፋሻቸውን ሳቡ። “ለካ ልክ እሱ ነበር።”

ዶሪን ይቅርታ የሚለውን ቃል ጀምራ አልጨረሰችውም።

“አሁን ቀለል አለዎት?” አሉ ወይዘሮ ብራምዌል። እህቴነቱም አንቺነቱም ቀርቶ ነበር። ዶሪን ‘እርስዎ’ መባሏን ሰማች፤ ቢሰድቧት በወደደች።

“አላለኝም” አለች። ከዚያ፣ ከዚህ የባሰም እንዳለ ነግራቸው መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች። አንብቢልኝ ሳይሆን፣ “ያንብቡልኝ” አሏት። ገጽ አሥራ ሰባትን አነበበች። ሼሪስ ከደረጃው ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ከኋላዋ ክሊፎርድ አለ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። በር ለማንም ክፍት ነበር የሚለው ላይ ስትደርስ የዶሪን ድምፅ ሟሸሸ፤ ግን እስከ ነጥቡ አነበበችው።

“አጻጻፉ ያምራል” አሉ ወይዘሮ ብራምዌል።

ዶሪን ነገ ሊመጡ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀች። ነገ የራሳቸው ቤተክርስቲያን እንዳለባቸው ነገሯት፤ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ አርባ ዓመት የሄዱበት። ታዲያ መጽሐፉ ላይ ምን ብላ ብታርመው ደስ እንደሚላቸው ስትጠይቅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ጠነከረ።

“የጻፉት እርስዎ ነዎት። የሚያርሙትንም እኔ ላስጽፍዎት?”

ሆኖም ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ በሩ ሸኟቸው። ክሊፎርድን ስለ ዕቃው አመሰገኑት፤ ደረጃው ጠባብ መሆኑን፣ ወገቡን እንዳይጎዳ ፈርተው እንደነበር ነገሩት። ክሊፎርድ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉተመተመ። ኬኩ ሳይቆረስ ቀረ።

በመልሱ መንገድ ዝናብ ጀመረ። ከተማው መሐል መኪናው ተሰልፎ ቆሟል። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። ክሊፎርድ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን እያየ፣ “አባባ አይደለም” አለ።

“ምኑ?”

“ወደ ቄሱ የሄደው። እኔ ነኝ። ከዚያ ረድፍ ካልተነሡ እኔና ጓደኞቼ አዳራሹን አንሠራም አልኳቸው፤ በነፃ የምንሠራው እኛ ነበርን፣ ሃያ ወጣት። አባባማ ‘ተዋቸው፣ ወንበር ሞልቶ የለም ወይ’ ብሎኝ ነበር።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ ተነፋባቸው። አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ስድስት ሳምንት ሲታመም በየቀኑ ጠይቃዋለች፣ ልብሱን አጥባለች፣ ጢሙን ላጭታለች፤ ልቧን ግን አልከፈተችለትም። የማይገባው ሰው ነው ብላ። እሱም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሞተ። ክሊፎርድ ያን ጊዜ አልጋው ማዶ ተቀምጦ ነበር፤ ሁሉንም ያይ ነበር።

ቤት አልገባችም። ጸሎት ቤቱ በር ላይ አውርደኝ አለችው። አዳራሹ ውስጥ የበዓሉ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ካርቶኖቹን ከመድረኩ ሥር ጎትታ አወጣች። ማስመሪያና ጥቁር ብዕር አምጥታ በወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን ባንድ መስመር ሰረዘችው፤ እንዲነበብ እንጂ እንዲጠፋ አልፈለገችም። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ፣ “በ1959 ኤግበርትና አይሲልዳ ብራምዌል የመሸኛ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ቄሱ አልተቀበሏቸውም” ብላ ጻፈች። አሥራ አንድ ቅጂ እንዲህ ከጻፈች በኋላ ብዕሯን አነሣች። ግድግዳው ላይ ቄስ ፒከርስጊል በደግ ፊታቸው ያዩዋታል። ደብዳቤውን ሲያስጽፏት ጀርባቸውን የሰጧት ለምን እንደነበር አሁን የገባት መሰላት፤ ምሕረት ግን አላደረገችላቸውም። ሆኖም ሙሉውን ሸክም በአንድ ሙት ላይ ጭና መሄዷ ነበር። አሥራ አንዱን ቅጂ መልሳ አወጣች። “ቄሱ” የሚለውን ሰረዘች፣ ግሱን ቀየረች። ከዚያ ወዲያ በያንዳንዱ ላይ፣ “አልተቀበልናቸውም” ብላ ጻፈች።

ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ክሊፎርድ አዳራሹን ሊዘጋ ቁልፍ ይዞ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ከተጨረሱት አንዱን አነሣ። መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ሁለት መስመር ለማንበብ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

“‘አልተቀበልናቸውም’ ያልሽው እነማንን ነው?” አለ።

“አንተንና እኔን።”

“አባባስ?”

“አባባ ተዋቸው ብሏል።”

ክሊፎርድ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ክምሩ ላይ መለሰና ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለው። ነገ ሊቀ መንበሩም፣ ሰዉም፣ ሁሉም እንደሚያነበው ተናገረ። ዶሪን ያንብቡት አለች። አሊሰን ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ጧት ታውቃለች አለችው። ወንበር ስቦ የሚቀመጥ መስሎ ነበር፤ እጁን መደገፊያው ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮላት፣ ስትጨርሺ ዝጊው ብሎ ወጣ።

መቶ ስልሳ ሦስት ቅጂ ይቀራታል። ዶሪን ማስመሪያውን አስተካክላ ቀጣዩን ገለጠች። ውጭ የመኪናው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን አልሰማችም።